ሃዋ እጇን ያወጣች ዕለት

ሕፃን ልጅ ሰላም ሊለኝ እጁን ሲዘረጋልኝ ገልብጬ የማየት አመል አለኝ። መዳፉን አያለሁ፣ ጀርባውን አያለሁ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እዳብሳለሁ። ‘ይሄ ሰውዬ ቡዳ ነው እንዴ?’ በሚል ዓይን አይተውኝ ልጃቸውን ጎትተው የሚወስዱ እናቶች አጋጥመውኛል። አልፈርድባቸውም። አመሉ ከየት እንደመጣብኝ ለሰው ነግሬ አላውቅም። ዛሬ ልናገረው ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት መካከል ናቸው። እኔ እዚያው ሰፈራ መንደር ተወልጄ፣ ማንጎ ዛፍ ላይ ውዬ ያደግኩ ያገሩ ልጅ ነኝ። ከወንዙ ማዶ በርታዎች ይኖራሉ። ገበያ አብረን ውለናል፣ ሠርግና ለቅሶ ተካፍለናል። እኔ ግን ከሰላምታ የዘለለ በርታኛ አላውቅም ነበር። ለምን ልወቅ? እነሱ አማርኛ ይችሉ የለ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

በእንግሊዝኛ ግን እብድ ነበርኩ። የእብደቴ መነሻ ውርደት ነው። መምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ክፍል ፊት ቆሜ አምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ እንድናገር ታዘዝኩ። “ጉድ ሞርኒንግ” ካልኩ በኋላ ምላሴ ተሳሰረ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ፣ ከኋላ ወንበር ሳቅ ሲነሳ እስካሁን ይሰማኛል። የዚያን ዕለት ጥፋቱን በአጀማመሬ ላይ ጣልኩት። ‘በስድስት በሰባት ዓመቴ በወጉ ያስጀመረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እንዲህ አልዋረድም ነበር’ አልኩ። ለጋ ዛፍ ነው የሚቃናው። አስተማሪ ስሆን የማገኛቸውን ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ እንግሊዝኛ አፋቸውን አስፈታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

የተመደብኩት ከአሶሳ በኩርሙክ መንገድ በሞተር የአንድ ሰዓት ግድም መንገድ የምትርቅ መንደር ነው። ትምህርት ቤቱ በቀርቀሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ነው። አንደኛ ክፍል ተሰጠኝ። ሰባ ምናምን ልጆች፣ ሁሉም የበርታ ልጆች። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን የሚያስተምራቸው መምህር ሐሚድ የሚባል የዚያው መንደር ሰው ነው። ሌላውን ሁሉ፣ ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

ሁለት ደንብ አወጣሁ። አንደኛው፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሌላ ቋንቋ ክልክል ነው። የጣሰ ቀርቀሃዋን ያጠልቃል። ቀርቀሃዋ የምላችሁ የመዳፍ ያህል ርዝመት ያላት ቁራጭ ናት። በሲባጎ ታስራ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች፤ ሌላ ጥፋተኛ እስኪገኝ አትወልቅም። ካልተገኘ ልጁ እንዳጠለቃት ቤቱ ይሄዳል። ሐሳቡን ልጅ ሆኜ ከተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው ያመጣሁት፤ እንጨቷን በቢላ የጠረብኳት ግን በገዛ እጄ ነው። ሁለተኛው ደንብ ደስ የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ የመለሰ ልጅ ይጨበጨብለታል፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው እጁን እጨብጠዋለሁ።

መምህር ሐሚድ ደንቡን አልወደደውም። አንድ ቀን ማንጎው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን፣ “ሰይድ፣ ለነዚህ ልጆች እኮ አማርኛውም የሰው አገር ቋንቋ ነው። ገና ከደጃፋቸው ሳይወጡ ሦስት ቋንቋ ጫንክባቸው። መጀመሪያ በራሳቸው አፍ ማንበብ ይልመዱ። እንግሊዝኛው አራተኛም አምስተኛም ክፍል ይደርሳል” አለኝ።

“የከተማ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ነው የሚማረው መምህር። እርስዎ የሚሉት የገጠር ልጅ እዚሁ ገጠር ይቅር ነው” አልኩት።

“አይማሩ አላልኩም። አፋቸውን አትዝጋው ነው ያልኩህ።”

ሳቅኩ። በልቤ ‘እርጅና’ አልኩ።

ወላጆቹ ከእኔ ጋር ነበሩ። የሃዋ አባት ኢድሪስ በምዝገባ ቀን የሰባት ዓመት ልጁን በእጁ ይዞ መጣ። ክረምት ማሽላ ያርሳል፣ በጋ ወርቅ ያጥባል። “ኡስታዝ፣ ሃዋ ይሄ ነው። ጎበዝ ነው። እንግሊዝ አስተምረው” አለኝ። ወንድና ሴት አይለይም፤ አማርኛው እንደዚያ ነው። “እኔ ወርቅ አጥባለሁ። ነጋዴ ይመጣል፣ በስልክ እንግሊዝ ያወራል፣ ይስቃል። እኔ አላውቅም፣ ዝም እላለሁ። ልጄ እንደኔ ዝም አይበል።”

ሃዋ ግን ዝምተኛ ሆነች። መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲጋመስ አንድም ቀን እጇን አላወጣችም። እንዲያውም አንድ ሰኞ አጠገቧ ለምትቀመጠው ጓደኛዋ የሆነ ነገር ስታንሾካሹክ ያዝኳትና ቀርቀሃዋን አጠለቅኩላት። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ጥፋተኛ ጠፋ። አርብ ዕለት ሳወልቅላት ሲባጎው የአንገቷን ቆዳ ልጦት አየሁ። ጫፉን ላላ አድርጌ ቋጠርኩት። ያደረግኩት ማሻሻያ ይኸው ነው።

ነገሩ የሆነው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ዝናቡ ቆሞ ሣሩ ከልጆቹ ቁመት በላይ ነበር። ለሒሳብ ትምህርት እያንዳንዱ ልጅ መቁጠሪያ የሚሆኑ አሥር ቀጫጭን እንጨቶች ይዞ እንዲመጣ አዝዣለሁ። ሃዋ የራሷን መንገድ ላይ ጥላ ኖሮ፣ ደወል ሳይደወል ከክፍሉ ጀርባ ሄደች። እዚያ ግድግዳ ሲጠገን የተረፈ ቀርቀሃ ተከምሯል። እጇን ወደ ክምሩ ሰደደች። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሁለት ሰዓት አልፎ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ጀምሬያለሁ። በሩ ላይ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። “ሜይ አይ ካም ኢን ቲቸር?”

ሃዋ ነበረች። አንድም ስህተት የለውም። “የስ፣ ካም ኢን!” አልኩ በደስታ። ገብታ ቦታዋ ተቀመጠች። ጥቂት እንደቆየች እጇን አወጣች።

ልቤ ዘለለ። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቅኩት እጅ ነው። “የስ፣ ሃዋ!”

ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ቀኝ እጇን ወደ ፊቴ አቀረበች። አፏን ከፍታ አንድ የበርታኛ ቃል ጀመረች። ጣቴን አወዛወዝኩባት። “ኖ፣ ኖ፣ ኖ። ኢንግሊሽ።” ዓይኗ ምስማር ላይ ወደተሰቀለችው ቀርቀሃዋ ሄደ። አፏን ገጠመች።

ከዚያ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ግድግዳው ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ገበታ አለ፤ ከእያንዳንዱ ፊደል ጎን ሥዕል ያለበት፣ ከአሶሳ በራሴ ደመወዝ ገዝቼ ያመጣሁት። ሃዋ ወደ ገበታው ሄደች። በእግር ጣቶቿ ቆመች። የተጠቀለለው እባብ ላይ ጣቷን አሳርፋ ወደ እኔ ዞረች።

“ስኔክ” አለች።

“ኤክሰለንት!” ብዬ ጮህኩ። “ስኔክ! ክላስ፣ ሪፒት፣ ስኔክ!”

ሰባው ልጅ በአንድ ድምፅ “ስኔክ!” አለ።

“አጌን!”

“ስኔክ!”

“ክላፕ ፎር ሃዋ!”

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እሷ “ስኔክ፣ ቲቸር፣ ስኔክ” እያለች እጇን ዘረጋችልኝ። እኔም እንደ ደንቡ ጨበጥኩት። ጠበቅ አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሰው። እንባ ዓይኗ ላይ ሞልቶ ነበር። የደስታ እንባ መሰለኝ። የእኔም ዓይን እርጥብ ነበር መሰለኝ፤ ደስ ብሎኛላ! “ሲት ዳውን፣ ጉድ ገርል” አልኳት። ሄዳ ተቀመጠች።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። ሃዋ ዴስኩ ላይ ተደፍታለች። የተኛች መሰለኝ። ሩቅ መንገድ በባዶ ሆዳቸው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ አንዳንዴ ያሸልባቸዋል። ‘ዛሬ ጀግና ስለሆነች ትተኛ’ ብዬ አለፍኳት። በዚያ ጠዋት የፈጸምኩት ብቸኛ ደግነት እሱ ነው፤ እሱም አንድ ሰዓት ያህል በላብን።

ለዕረፍት ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ እሷ አልተነሳችም። ቀና አደረግኳት። ሽፋሽፍቶቿ ተከድነው አይገለጡም። ለሃጯ በአገጯ ይወርዳል። “ሃዋ! ሃዋ!” ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። እየጮህኩ መምህር ሐሚድን ጠራሁት። ሮጦ መጣና ጉንጯን ይዞ በበርታኛ ደጋግሞ አናገራት። በቋንቋዋ የሚጠይቃት ሰው በመጨረሻ ተገኘ። መልስ የምትሰጥበት ምላስ ግን አልታዘዝ ብሏታል። ከጉሮሮዋ የወጣው እንደ ማንኮራፋት ያለ ነገር ብቻ ነበር።

አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። መምህር ሐሚድ ጠየቃት። መለሰችለት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

“ምን አለች?”

ወደ እኔ ሳያይ ተረጎመልኝ። “እባብ ነድፏት ነው። ሌባ ጣቷን በዴስኩ ሥር አሳይታኛለች። ለመምህር ንገሪ አልኳት። ሄዳ ነገረችው። ደግሞ እኮ በእንግሊዝኛ ነው የነገረችው።”

የሃዋን እጅ ገለበጥኩት። ሌባ ጣቷ ላይ ሁለት ነጥብ አለ። የመርፌ ጫፍ ታክላለች እያንዳንዷ።

አቅፌያት ወደ ጤና ኬላው ሮጥኩ። የጤና ባለሙያዋ ዓይኗን ገልጣ አይታ፣ “እዚህ መድኃኒት የለም፣ አሶሳ አድርሷት፣ አሁኑኑ” አለች። አንድ ባለሞተር ተገኘ። መምህር ሐሚድ አባቷን ሊጠራ ወደ ማሽላው እርሻ ሮጠ፤ እኔ ሃዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ከባለሞተሩ ኋላ ወጣሁ።

ያን መንገድ እንዴት ልንገራችሁ? ራሷ ደረቴ ላይ ነው። ትንፋሿ እያጠረ ይሰማኛል። ነቅታለች፤ ዓይኗ ባይገለጥም ጣቶቿ ሸሚዜን ይዘዋል። ላጽናናት ፈለግኩ። ‘አይዞሽ፣ ደረስን፣ አባትሽ እየመጣ ነው’ ልላት ፈለግኩ። በርታኛ አላውቅም። አማርኛ እሷ ገና አልለመደችም። በእኔና በእሷ መካከል ያለው ቋንቋ ሁለት ወር ያስተማርኳት ብቻ ነው። አውጥቼ አገላበጥኩት። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ደብተር ክፈቱ፣ ዝም በሉ፣ ድገሙ። ከዚያ ውስጥ ለሚሞት ልጅ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ። “ጉድ ገርል” አልኳት። “ጉድ ገርል፣ ሃዋ፣ ጉድ ገርል።” አሶሳ እስክንገባ የምለው እሱን ነበር። ባለሞተሩ ዞር ብሎ ምን እንደምል ጠየቀኝ።

ሆስፒታል ተቀበሉን። ሮጡ፣ አልሰነፉም። መድኃኒቱም ነበር! ወጣቱ ሐኪም የመተንፈሻ ጭምብል እየገጠመላት፣ “ስንት ሰዓት ላይ ነው የነደፋት?” አለኝ።

“ሁለት ሰዓት... ሁለት ሰዓት አካባቢ።”

የእጅ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። “እስካሁን ማንም አላወቀም? ልጅቷ አልተናገረችም?”

“ተናግራለች” አልኩ።

“ለማን?”

ጊዜ ስላልነበረው መልሴን ሳይጠብቅ ትቶኝ ገባ።

ኢድሪስ ሲደርስ ልጁ በሕይወት ነበረች። እጇን ይዞ በጆሮዋ እያንሾካሾከ በርታኛ ያወራት ነበር፤ መሐል መሐል የቁርአን ቃል ይሰማኛል። ስምንት ሰዓት አልፎ ትንሽ እንደቆየ ደረቷ መነሳቱን ተወ። ሐኪሙ ትንፋሿን ለመመለስ ብዙ ለፋ። ኢድሪስ እጇን አልለቀቀም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ ያ እጅ ጠዋት በእኔ መዳፍ ውስጥ እንደነበረ ከማሰብ ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

በማግስቱ ተቀበረች። ሰው ሁሉ “የአላህ ቁርጥ ነው” አለ። ትምህርት ቤቱ በእባብ ተነድፋ ሞተች ብሎ ጻፈ። ማንም አልከሰሰኝም። እንዲከሱኝ እመኝ ነበር። ቢቆጡኝ፣ ቢደበድቡኝ እመርጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ኢድሪስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ኡስታዝ፣ ልጆች ነገሩኝ። ሃዋ እንግሊዝ ተናገረ አሉ።”

“አዎ።”

“እባብ አለ?”

“አዎ።”

“አንተ ሰማኸው? ቃሉ ገባህ?”

“ገብቶኛል።”

እንደ ልመና ባለ ድምፅ፣ “ታዲያ ለምን አጨበጨብክ?” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ መልሱን አሁንም እየፈለግኩ ነው። ቃሉን ሰምቻለሁ። ትርጉሙን አውቃለሁ። ያላየሁት ልጅቷን ነው። ለእኔ ትክክል የተጠራ ቃል ነበር እንጂ ሰው የተናገረው ነገር አልነበረም። ይህን ለአባት እንዴት ትነግሩታላችሁ? አቀርቅሬ አለቀስኩ። እሱ ነው ጀርባዬን ያሻሸኝ። “እኔም አጥፍቻለሁ” አለኝ። “ሃዋን፣ ኡስታዝ ያለህን ብቻ አድርግ፣ የቤት ቋንቋ እዚያ አታውራ፣ ብዬው ነበር።”

ቀርቀሃዋን ያን ሳምንት አቃጠልኳት። መምህር ሐሚድን እግሩ ሥር ወድቄ በርታኛ አስተምረኝ አልኩት። አስተማረኝ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ቃል እባብን ነው። ‘ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ’ የሚሉት ለእኔ ዓይነቱ ነው። አሁን በርታኛ አወራለሁ፤ ሰው ያመሰግነኛል። ምስጋናው ያመኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ከጎረቤቴ በነፃ ማግኘት የምችለውን ነገር በሰባት ዓመት ልጅ ሕይወት ነው የገዛሁት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ‘ታዲያ ልጅ የውጭ ቋንቋ በስንት ዓመቱ ይጀምር?’ ትሉኝ ይሆናል። ሥልጠና ላይ ይህ ክርክር ሲነሳ ባልደረቦቼ ወደ እኔ ዞር ይላሉ። እጄን ማውጣት ያቅተኛል። አላውቅም። ምናልባት በስድስት ዓመቱ ይጀምር፣ ምናልባት በአሥር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ልጃችሁን ትምህርት ቤት ስታስገቡ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ‘ልጄ ሲያመው በሚጮህበት ቋንቋ የሚሰማው ሰው አለ ወይ?’ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ፣ ቢያንስ እኔ ተምሬበታለሁ ብዬ እጽናና ነበር። አላበቃም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በምዝገባ ቀን ኢድሪስ የሃዋን ታናሽ እህት ዘሃራን በእጁ ይዞ መጣ። ቁርጥ ሃዋን ናት። በበርታኛ ሰላም አልኩት። እሱ በአማርኛ መለሰልኝ።

“ኡስታዝ፣ ያ እንጨት የለም አሉ። እንግሊዝ ክፍል በርታ ይወራል አሉ።”

“አዎ፣ ትቼዋለሁ። ልጆቹ በፈለጉት ቋንቋ ይናገሩ ብዬ ነው።”

ራሱን ነቀነቀ። ተቆጥቶ ነበር። በለቅሶው ቀን ያልተቆጣኝ ሰው።

“አይሆንም። እኔ አሰብኩ፣ ብዙ አሰብኩ። ሃዋ አንድ ቃል ያውቃል፤ እባብ ብቻ። ነደፈኝ አያውቅም። አመመኝ አያውቅም። እንግሊዝ ትንሽ ስለሆነ ሞተ። ይሄ ብዙ ይወቅ። እንጨቱን መልስ ኡስታዝ፣ ወላሂ፣ መልስ።”

ላስረዳው ሞከርኩ። በገዛ ቋንቋው፣ በበርታኛ፣ ቃል እየመረጥኩ። መማር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ አልኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ስጨርስ አጠራሬን አመሰገነና፣ “እንጨቱን መልስ” አለኝ።

አልመለስኩትም። ግን ምን ለውጥ አለው? ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ዞር ስል ዘሃራ እጇን አውጥታለች። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ዴስክ እየገፋሁ ሮጬ እጇን ያዝኩ፣ ገለበጥኩ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየሁ። ምንም የለም። ልጅቷ ደንግጣ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ አባቷ ከሰው እየጠየቀ ቤት ውስጥ ሲያስጠናት የከረመውን፣ አንድም ስህተት የሌለውን እንግሊዝኛ ተናገረች።

“ፕሊስ ቲቸር፣ አይ አም ሲክ። ኤ ስኔክ ቢት ሚ።”

“የት? የት ጋ?” አልኳት በበርታኛ እየጮህኩ።

ፈገግ አለች። ምንም አልነደፋትም። የቤት ሥራዋን ማስመስከሯ ነበር። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ማጨብጨብ ጀመሩ።